ጥርሳችን የሚመሰክርበት ውሃ

 

በሱረቱል ዋቂዓ ከ68ኛው እስከ 70ኛው አንቀጽ ድረስ አላህ (ሱ.ወ.) ስለምንጠጣው ውሃ ያነሳል። ከደመና የሚያወርደው ማን እንደሆነ ይጠይቀናል፤ ቢሻ ኖሮ መራራ ጨው ሊያደርገው ይችል እንደነበር ካስታወሰን በኋላም ስለምን እንደማናመሰግን ይወቅሰናል። ይህን ሱራ ስንሰማ የአብዛኞቻችን ሐሳብ የሚሄደው ወደ ባሕር ነው። መራራ ጨው ያለው እዚያ ነውና። ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ በተዘረጋው ስምጥ ሸለቆ ለምንኖር ሙስሊሞች ግን መልእክቱ ከባሕሩ ይልቅ ለጉድጓዳችን የቀረበ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም በሶደቃ ስም በየመንደሩና በየመስጊዱ ስለሚቆፈረው ውሃ፣ በከተማ ቧንቧ ስለምናፈሰውም ውሃ፣ ከሸሪዓ አንፃር መነጋገር ነው። ነገሩ እንዲገባን በቅድሚያ የባሕሩን ውሃ ከሚያጣፍጡት ወንድሞቻችን አገር እንነሳ።

ሳዑዲ ዐረቢያ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ አንድም ወንዝ የላትም። ለሐጅና ለዑምራ የሄደው፣ እንጀራ ፍለጋ ጅዳና ሪያድ የከረመውም ወገናችን ቧንቧ ሲከፍት ይህ ትዝ አይለውም። ጅዳ ውስጥ «ተሕሊያ» የሚባለውን ጎዳና ብዙዎች ያውቁታል። ተሕሊያ ማለት ማጣፈጥ ማለት ሲሆን መንገዱ ስሙን ያገኘው የባሕር ውሃን ከጨው ከሚለየው ጣቢያ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎም ቢሆን በኦቶማኖች ዘመን ማብቂያ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ፣ የባሕሩን ውሃ እያፈላ እንፋሎቱን የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ ጅዳ ላይ ተተክሎ ነበር። የከተማው ሰው «ከንዳሳ» ይለው ነበር። ቃሉ ዐረብኛ ይምሰል እንጂ የፈረንጁ «ኮንደንሰር» ነው።

የዚህች አገር የውሃ ታሪክ የሚያስገርም ነገር አለው። እ.ኤ.አ. በ1931 ካርል ትዊቸል የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ዘመን ውሃና ማዕድን ሊፈልግ ወደ ሒጃዝ መጣ። ንጉሡ ከሁሉ አስቀድመው የፈለጉት ውሃ ነበር። የተገኘው ውሃ ብዙም የሚያወላዳ አልሆነም። ጉዞው ግን ለነዳጅ ፍለጋው በር ከፈተ። ውሉ በ1933 ተፈረመ፤ በ1938 ደግሞ ደማም ላይ ሰባተኛው ጉድጓድ በብዛት ነዳጅ አፈለቀ። ሱብሐነላህ! ውሃ ሲፈለግ ነዳጅ ተገኘ፤ ከዓመታት በኋላ ያው ነዳጅ እየነደደ የባሕሩ ውሃ ተጣፈጠ። በ1974 ለዚሁ ሥራ ብቻ የቆመ መንግሥታዊ ድርጅት ተመሠረተ፤ በ2024 ስሙ ተለውጦ የሳዑዲ የውሃ ባለሥልጣን ሆኗል። ዛሬ ከባሕር የተጣራ ውሃ በማምረት ይህችን አገር የሚያህል የለም። የሪያድ ነዋሪ ከሚጠጣው ውሃ ብዙው በምሥራቅ ጠረፍ ጁበይል ላይ ተጣርቶ፣ ከ400 ኪ.ሜ. በላይ በቧንቧ ተጉዞ፣ ሽቅብ ተገፍቶ የሚደርሰው ነው።

ያም ሆኖ ኢስራፍ እዚያም አልቀረም። መንግሥቱ ራሱ «ቀጥራህ» (ጠብታ) የተሰኘውን የቁጠባ ዘመቻ በ2019 ሲጀምር አንድ ሰው በቀን በአማካይ 263 ሊትር እንደሚጠቀም ገልጿል። ግቡም በ2030 ወደ 150 ሊትር ማውረድ ነው። ስንዴውንም ማንሳት ይቻላል። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከሺህ ዓመታት በፊት በከርሰ ምድር የተጠራቀመ፣ ዝናብ የማይተካው ውሃ እየተሳበ በረሃው ላይ ስንዴ ተዘራ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሳዑዲ ዐረቢያ በዓለም ገበያ ስንዴ ሻጭ እስከ መሆን ደርሳ ነበር። ውሃው እየራቀ ሲሄድ በ2008 ልማቱ ቀስ በቀስ እንዲቆም ተወሰነ፤ በ2016 መንግሥት ከገበሬዎቹ መግዛቱን አቆመ። የሱረቱል ሙልክ የመጨረሻ አንቀጽ ውሃችን ወደ ምድር ቢሰርግ ፈሳሽ ውሃ የሚያመጣልን ማን እንደሆነ የሚጠይቀን ነው። ለዚያ ስንዴ እርሻ ጥያቄው ምሳሌ ብቻ ሆኖ አልቀረም።

ይህን ሁሉ የምናነሳው ወንድሞቻችንን ለመንቀፍ አይደለም። አንድ ነገር ግን ከእነርሱ መማር አለብን። እነርሱ ጋ ጣፋጭ ውሃ የሚሠራ ነገር እንጂ ዝም ብሎ የሚገኝ ነገር እንዳልሆነ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ይለካል፣ ይመረመራል። ዑለማኦቻቸውም ቢሆኑ ከዚህ ሥራ ራሳቸውን አላገለሉም። እ.ኤ.አ. በ1978 የታላላቅ ዑለማኦች ምክር ቤት የቆሻሻ ውሃ ተጣርቶ ለውዱእ ይበቃ እንደሆን ሲጠየቅ አስቀድሞ የውሃ ባለሙያዎችን አነጋገረ። ፈትዋውን የሰጠው ከዚያ በኋላ ሲሆን፣ ቆሻሻው ከውሃው ቀለሙም ጣዕሙም ሽታውም በማይታወቅበት ደረጃ ከተወገደ ንጹሕ ነው የሚል ነበር። ለመጠጥ ሲሆን ደግሞ የጤና ጉዳትን ለይተው አዩት። ይህን ነጥብ አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ እንመለስበታለን።

እኛስ? እኛ ወንዝ አለን፣ ሐይቅ አለን፣ ክረምት አለን። በመሆኑም ውሃ የሚሠራ ነገር መሆኑ አይታየንም። ነገር ግን አዳማ ውስጥ ቧንቧ የከፈተ ሁሉ የተሠራ ውሃ ነው የሚቀዳው። የከተማይቱ ውሃ በአብዛኛው እ.ኤ.አ. በ1960 በተጠናቀቀው የቆቃ ግድብ በኩል ከሚያልፈው ከአዋሽ ወንዝ የሚሳብ ነው። ወንዙ ከከተማ፣ ከእርሻና ከፋብሪካ የሰበሰበውን ይዞ ይመጣል። ጭቃው ይዘቅጣል፣ ኬሚካል ይገባበታል፣ በኤሌክትሪክ ተገፍቶ ወደ ከተማይቱ ይወጣል። ይህ በጅዳ ከሚሠራው በዓይነቱ ይለይ እንደሆነ እንጂ በመሠረቱ አይለይም። አዋሽ ደግሞ የእኛ ብቻ አይደለም። ከእኛ በኋላ መተሐራን፣ ከዚያም የአፋር ወንድሞቻችንን ያጠጣል፤ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። መተሐራ ላይ በሰቃ የሚባለው ጨዋማ ሐይቅ እየሰፋ መጥቶ መንገዱንና የባቡር ሐዲዱን ሲፈታተን ኖሯል፤ ውሃው ወደ አዋሽ እየተለቀቀ እንዲቀላቀልም ተደርጓል። ከበላይ ያለነው ባባከንን መጠን ከበታች ላለው የሚደርሰው ያነሰና የከፋ ነው።

እስቲ የውዱእ ቦታችንን እንይ። አነስ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ውዱእ ያደርጉ የነበረው በአንድ ሙድ ውሃ ነው፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ሙድ ማለት የመካከለኛ ሰው ሁለት እፍኝ ሲሆን ከሦስት ሩብ ሊትር አይበልጥም። የእኛ ሰው ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፍቶ፣ እጁን አጥቦ፣ ከጎኑ ካለው ጓደኛው ጋር ስለ ገበያ ተጨዋውቶ፣ እግሩን እስኪያጥብ ድረስ ውሃው ይፈሳል። አንድ ሰው አምስት ሊትር ፈጀ እንበል፤ ይህ ዝቅተኛ ግምት ነው። በጁምዓ ቀን አንድ ሺህ ሰጋጅ በሚገኝበት መስጊድ በአንዲት ሰላት 5,000 ሊትር ይሄዳል። እያንዳንዱ በአንድ ሊትር ቢብቃቃ ግን 4,000 ሊትር ይተርፍ ነበር፤ ሁለት መቶ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። ሁለት መቶ ጀሪካን! ለሰዕድ (ረ.ዐ.) በሚፈስ ወንዝ ዳር ሆነው እንኳ ውሃ እንዳያባክኑ ተነግሯቸዋል የሚለውን ሐዲስ ኢብን ማጃህ አስፍረውታል። የሐዲሱ ሰነድ ላይ ሙሐዲሶች የተነጋገሩበት ቢሆንም ማባከንን የሚከለክለው በሱረቱል አዕራፍ 31ኛው አንቀጽ አለና የሚያከራክር አይደለም።

ጉዳያችን በዚህ ቢያበቃ በየኹጥባው የሚነገር የቁጠባ ምክር በሆነ ነበር። ዋናው ነገር ያለው ከከተማው ቧንቧ ውጭ ነው።

ከአዳማ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ወጣ ስንል፣ ወደ ወንጂም ይሁን ወደ መቂ፣ ወደ ባቱ (ዝዋይ) ወይም ወደ አርሲ ነገሌ ቆላ፣ ብዙው መንደር የሚጠጣው ከከርሰ ምድር ነው። የሸለቆው ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ በመሆኑ ውሃው በውስጡ ሲያልፍ ፍሎራይድ የተባለውን ንጥረ ነገር እያሟሟ ይይዛል። ሙቅ በሆነ መጠን፣ የካልሲየም መጠኑም ባነሰ ቁጥር፣ ፍሎራይዱ ይበዛል። የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። በስምጥ ሸለቆው ከዚህ እጥፍ፣ እጥፍ ድርብ የሆኑ ጉድጓዶች ብዙ ናቸው። ጠንቁ ደግሞ በቀላሉ አይያዝም። ቀለም የለውም፤ አይሸትም፤ ጣዕሙም አይለይም። ስናፈላው አይለቅም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይበረታል። በክሎሪንም አይጠፋም።

ምስክሩ ጥርሳችን ነው። ሕፃን ልጅ ቋሚ ጥርሱ ከድድ በታች በሚሠራበት ጊዜ፣ ይኸውም ከተወለደ አንስቶ እስከ ስምንት ዓመቱ ገደማ፣ ይህን ውሃ ከጠጣ ጥርሱ ሲወጣ የበለዘ ሆኖ ይወጣል። በኋላ የፈለገውን ያህል በመፋቂያ ቢፍቀው፣ ሲዋክ ቢያበዛ አይነጣም። ልጃገረዶቻችን ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው የሚሸፍኑት ከሐያእ ብቻ አይደለም። ጥርስ መበለዝ ግን ትንሹ ነው። ከፍተኛ መጠን ያለውን ውሃ ለረጅም ዓመታት የጠጣ ሰው አጥንቱ ይጠነክራል፣ መገጣጠሚያው ይታሰራል፣ ወገቡና አንገቱ አልታዘዝ ይላል። ለሩኩዕ ጎንበስ ማለት፣ ለሱጁድ ግንባሩን ምድር ማድረስ የሚያቅተው ይኖራል። ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 ሆላንዶች በተከሉት በወንጂ ስኳር ፋብሪካ እርሻዎች የጉድጓድ ውሃ እየጠጡ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሠራተኞች አጥንታቸው ታስሮ መገኘቱን ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና የሥራ ባልደረቦቻቸው አጥንተው ለዓለም አሳውቀዋል። ሸንኮራውን የተከሉት፣ ያጨዱት፣ አገሩን ስኳር ያስቀመሱት ሰዎች ናቸው።

አሁን ወደ ፊቅሁ እንምጣ። አብዛኞቻችን በመድረሳ የተማርነው ውሃ ንጹሕ ነው የሚባለው ቀለሙ፣ ሽታውና ጣዕሙ በነጃሳ ሳይለወጥ ሲቀር መሆኑን ነው። ትምህርቱ ትክክል ነው፤ ቦታው ግን ጠሃራ ነው። ውሃው ውዱእ ያስደርጋል ወይስ አያስደርግም ለሚለው መልስ ይሰጣል። ከምድር ማዕድን ጋር የተቀላቀለ ውሃ በዚህ ምክንያት ከጠሁርነት አይወጣም፤ የባሕር ውሃም እንኳ ጨው እያለበት አንጺ መሆኑን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለጠያቂው ገልጸውለታል። ስለዚህ ፍሎራይድ ባለው ውሃ ውዱእም ትጥበትም ይቻላል። ይጠጣል ወይስ አይጠጣም የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ሌላ ሚዛንም አለው። ሚዛኑ ጉዳት ነው። ራስን መጉዳትም ሌላውን መጉዳትም እንደሌለ የሚደነግገው ሐዲስ በኢማሙ ማሊክ ሙወጠእና በኢብን ማጃህ የሚገኝ ሲሆን ፉቀሃዎች ከመሠረታዊ ደንቦቻቸው አንዱ አድርገውታል። የ1978ቱ ዑለማኦች ያደረጉትም ይህንኑ ነው። ጠሃራውን ለብቻ፣ ጤናውን ለብቻ አዩ። እኛ ዘንድ ግን ሁለቱ ተደበላልቀው «ጥርት ያለ ነው፣ አይሸትም፣ ሐላል ነው» ተብሎ ይጠጣል። ዓይንና ምላስ የማያገኙትን ነገር በዓይንና በምላስ እንመረምራለን ማለት ነው።

በዚህ ላይ ሶደቃው ይጨመራል። ሰዕድ ኢብን ዑባዳ (ረ.ዐ.) እናታቸው በሞቱ ጊዜ የትኛው ሶደቃ እንደሚበልጥ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ጠየቁ፤ የተሰጣቸው መልስ ውሃ ነበር። ጉድጓድም አስቆፈሩላቸው፤ አቡ ዳውድ ዘግበውታል። ዑስማን (ረ.ዐ.) የሩማን ጉድጓድ በገንዘባቸው ገዝተው ለሙስሊሙ ሁሉ ነጻ አደረጉት። የሐሩን አር-ረሺድ ባለቤት ዙበይዳ ለመካ ሐጃጆች ያስጠረገችው የውሃ መስመር እስከ ዛሬ በስሟ ይጠራል። ይህን የሰማ ሙስሊም ለእናቱ፣ ለአባቱ፣ ለሞተበት ልጁ ጉድጓድ ለማስቆፈር መጓጓቱ የሚያስመሰግን ነው። በዐረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ ከደመወዟ ቆጥባ ለመንደሯ ውሃ ያስወጣች እህት ምንዳዋ ከአላህ ዘንድ ነው። ከነዳጅ አገሮች የሚመጡ በጎ አድራጊዎችም በየገጠሩ ብዙ ቆፍረዋል።

ነገር ግን እንጠይቅ። ከነዚህ ጉድጓዶች ውስጥ ፍሎራይዳቸው ተለክቶ ውጤቱ ለመንደሩ የተነገረው ስንቶቹ ናቸው? ቧንቧው ይተከላል፣ ሕፃናት ይሰለፋሉ፣ ፎቶ ይነሳል፣ የሟቹ ስም በእብነ በረድ ተጽፎ ይለጠፋል። ፎቶው ለሰጪው ይላካል። ላቦራቶሪው የት አለ? ከዚያ ጉድጓድ ጎን ባለው መድረሳ ፊደል የሚቆጥረው የስድስት ዓመት ልጅ ቁርአኑን በሚሐፍዝባቸው ዓመታት ሁሉ ከዚያው ይጠጣል። ሶደቃ ጃሪያ ማለት የማይቋረጥ ምንዳ ነው። የማይቋረጥ ጉዳትስ ምን ይባላል? በአቡ ዳውድ ሐዲስ ሕክምና ሳያውቅ ሰው ያከመ ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው። ውሃ ሳያውቅ ሕዝብ ያጠጣውን ከዚህ አርቆ ለማየት ምክንያት አናገኝም። በቅን ልቦና የሰጠው በኒያው እንደሚመነዳ አንጠራጠርም። ማወቅ እየቻለ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ጥርሱ በልዞ እያየ፣ «አላህ ያውቃል» ብሎ የሚያልፈው የኮሚቴ አባል ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

አንዳንድ ወገኖች «አያቶቻችን ጠጥተውት ኖረዋል» ይላሉ። ከአያቶቻችን ብዙዎቹ የጠጡት የዝናብ ኩሬና የወንዝ ውሃ ነው፤ ሌላ በሽታ ነበረው እንጂ ፍሎራይዱ ይህን ያህል አልነበረም። ጥልቅ ጉድጓድ ከሞተር ጋር የመጣ ነገር ነው። ሌሎች ደግሞ ጉዳዩን ለቀደር ይተዉታል። ዑመር (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው በተመለሱ ጊዜ ከአላህ ውሳኔ ትሸሻለህን ሲባሉ፣ የሚሸሹት ከአላህ ውሳኔ ወደ አላህ ውሳኔ መሆኑን መልሰዋል። ይህ ጸሐፊ ከዚህ የሚበልጥ መልስ አያውቅም። በሦስተኛ ደረጃ የሚነሳው ክርክር ግን ቁም ነገር አለው። «ካልጠጣነው ምን እንጠጣ?» የሚል ነው። የተጠማ ሰው ፊት ጉድጓድ መዝጋት ዲን አይደለም፤ አማራጭ ሳይኖር መከልከልም ፍርድ አይሆንም።

አማራጩ ደግሞ አለ። የመጀመሪያው ከላያችን ነው። በሱረቱ ቃፍ 9ኛው አንቀጽ የተባረከ የተባለው የዝናብ ውሃ ፍሎራይድ የለውም ማለት ይቻላል። በአዳማ አካባቢ በዓመት ወደ 800 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ አንድ ሊትር ነው። ጣራው 200 ካሬ ሜትር የሆነ መካከለኛ መስጊድ በዓመት 160,000 ሊትር ይወርድበታል፤ አምስተኛው እንኳ ቢባክን 128,000 ሊትር ይቀራል። ክረምቱ አጭር፣ በጋው ረጅም ስለሆነ ሁሉንም ማጠራቀም አይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን ለመጠጥና ለወጥ ብቻ ከተያዘ፣ የመድረሳውን ልጆች በብዙ ሮቶ ወይም በሲሚንቶ ታንከር በጋውን ማሻገር ይቻላል። የመጀመሪያው ዝናብ ጣራውን አጥቦ ወደ ውጭ ይፍሰስ፣ ታንከሩ ይከደን፣ ውሃው በክሎሪን ይታከም። ለሚናራችን ከምናወጣው ይህ ይበልጣል ብንል የሚቀየመን አይጥፋ።

ማጣሪያም አለ። ሸብና ኖራ ውሃው ውስጥ ተማስሎ ፍሎራይዱን ይዞ እንዲዘቅጥ የሚያደርገው ዘዴ በሕንድ አገር ከተማ ስም ናልጎንዳ ይባላል፤ በየቀኑ በትክክል የሚለካ ሰው ይፈልጋል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የባሕር ውሃ የሚጣራበት ሪቨርስ ኦስሞሲስ የተባለው ስስ ወንፊት ፍሎራይድንም ያስቀራል። ግን መብራትና መለዋወጫ ይበላል፤ ግማሹን ገደማ ጨው የበዛበት ውሃ አድርጎ የሚጥለው ጊዜ አለ፤ ነዳጅ ለሌለው መንደር ከባድ ነው። ሌላው የከብት አጥንት በአነስተኛ አየር ከስሎ የሚሠራው የአጥንት ከሰል ነው፤ በስምጥ ሸለቆው ተሞክሮ ሠርቷል። እዚህ ላይ የዲን ጥያቄ ይነሳል፤ መነሳቱም ተገቢ ነው። በብዙው የአርሲና የምሥራቅ ሙስሊም ዘንድ በሚሠራበት የሻፊዒ መዝሀብ የበክት አጥንት ነጃሳ ነው፤ ሐነፊዎች ግን ከአሳማ በስተቀር አጥንትን ንጹሕ ያደርጉታል፣ በእሳት ተለውጦ ሌላ ነገር የሆነውንም እንዲሁ። ክርክሩን ወደ መንደር ማውረድ አያስፈልግም። በሸሪዓ የታረደ ከብት አጥንት በሁሉም መዝሀብ ንጹሕ ነው። የሙስሊም ቄራ ባለበት ከተማ አጥንቱን ለይቶ ማስቀመጥ የአንድ ኮሚቴ ሥራ ነው፤ ዑለማኦቻችንም ቆመው ቢመሰክሩ ሕዝቡ ያለ ጥርጥር ይጠጣ ነበር።

ዘላቂው መፍትሔ ግን በአርሲ ደጋ ምንጮች ነው። ፍሎራይዳቸው አነስተኛ ነው፤ ቁልቁለቱም ውሃውን ያለ ሞተር ያወርደዋል። ብዙ መንደሮችን በአንድ መስመር ማጠጣት የመንግሥት ሥራ ነው። ሆኖም በአንድ ቀበሌ አሥር የየብቻ ጉድጓድ የሚያስቆፍሩ አሥር ሰጪዎች ገንዘባቸውን አጣምረው ለአንድ ቧንቧ ቢያውሉት ምንዳቸው አይቀንስም፤ ስማቸው በእብነ በረድ ላይ ይጠብብ ይሆናል እንጂ።

ከተማ ውስጥ ደግሞ የውዱእ ቦታችን አለ። የቆጠብናቸው ሁለት መቶ ጀሪካኖች በራሳቸው ተጉዘው የተጠማ ጋ አይደርሱም። በትርፍ ውሃው መንገደኛን የከለከለ ሰው በትንሣኤ ቀን አላህ ከማይመለከታቸው ሦስት ሰዎች አንዱ መሆኑን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ስለዚህ በመስጊዱ አጥር ላይ ወደ ውጭ የወጣ አንድ ቦኖ ይተከል። የተጣራውን የአዋሽ ውሃ ከከተማው ዳር ያለው፣ ከጋሪ በጀሪካን የሚገዛው ጎረቤት ይቅዳ፤ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን አይጠየቅ። ውሃን ሰዎች የሚጋሩት ነገር ያደረገውን የአቡ ዳውድ ሐዲስ በኹጥባ ከመስማት ቦኖው ላይ ተሰልፎ ማየት ይሻላል።

ለጉድጓድ ሰጪዎችና ለመስጊድ ኮሚቴዎች የቀረን አንድ ጥያቄ ነው። ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ከአካባቢው ካሉ ጉድጓዶች ውሃ በታጠበ ሃይላንድ ይቀዳ፤ ቦታውና ቀኑ ይጻፍበት፤ የውሃ ቢሮ ወይም የዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ይወሰድ። ለቁፋሮ ከሚወጣው አንፃር የምርመራው ዋጋ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ጎረቤቱ ጉድጓድ ደህና ስለሆነ አዲሱም ደህና ነው ማለት ግን አይቻልም፤ በአጭር ርቀት ውስጥ መጠኑ በእጅጉ ይለያያል። ስለዚህ ተቆፍሮ ሲያልቅም ሞተር ከመተከሉ በፊት ይደገም። ውጤቱ ከ1.5 በታች ከሆነ አልሐምዱሊላህ። በላይ ከሆነ ለሰጪው እውነቱ ይነገረው፤ የቀረው ገንዘብ ለጣራ ውሃ ታንከር ወይም ለማጣሪያ ይዙር። ቀድሞ የተቆፈሩትም ሁሉ በዚሁ ዓመት ይለኩ። በእብነ በረዱ ላይ ከሟቹ ስም ሥር የፍሎራይዱ ቁጥርና የተለካበት ቀን ይቀረጽ። ቁጥሩ የበዛበት ቧንቧ ደግሞ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ፣ መድረሳ ያለበትም ከሆነ ልጆቹ በሚያነቡት በዐረብኛ ፊደል ጭምር፣ ለውዱእና ለልብስ እንጂ ለመጠጥ እንዳልሆነ ይጻፍበት።